እናቴና የሃርለም ሴቶች፦ ፍራንስ ሃልስ ሙዚየምን እንዴት እንዳየነው

«ማን ሞቶባቸው ነው ሁሉም ጥቁር የለበሱት?»

እናቴ ይህን የጠየቀችኝ ኔዘርላንድስ፣ ሃርለም ከተማ፣ ፍራንስ ሃልስ ሙዚየም ውስጥ ነው። አንድ ትልቅ ሥዕል ፊት ቆመናል። እሷም ጥቁር ለብሳለች። አባቴ ካረፈ ገና ዓመቱ አልሞላም ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ እኔ የመጣችውም ለዚሁ ነው፤ ቤት ብቻዋን ከምትውል ትንሽ አየር ትለውጥ ብለን።

«ማንም አልሞተባቸውም እማዬ። የክት ልብሳቸው ነው» አልኳት።

አላመነችኝም። ወደ ሥዕሉ ጠጋ አለች። እኔ ግን ከዚህ ጥያቄ በኋላ ሙዚየም የማይበት ዓይን ተለወጠ ማለት እችላለሁ። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው። እዚህ አገር የምትኖሩ፣ ወይም በአምስተርዳም በኩል የምታልፉና ግማሽ ቀን የተረፋችሁ፣ «ሙዚየም የእኛ ቦታ አይደለም» የምትሉ ሰዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም ለስድስት ዓመት እንደዚያ እል ነበር።

ሥራዬ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒት አቀርባለሁ። የመጀመሪያ የሙዚየም ጉዞዬ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ወደ አንድ ትልቅና ዝነኛ ቦታ ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ ከአዳራሽ አዳራሽ ስንሮጥ ዋልን። ሰዉ ጢም ብሏል። ሁሉም ስልኩን ወደ ላይ አንሥቷል። ስወጣ እግሬ አብጧል፤ ምን አየሽ ብትሉኝ አንድ ነገር መናገር አልችልም ነበር። ያኔ ነው «በቃ፣ ይሄ ለተማሩት ነው» ብዬ የዘጋሁት።

ሐሳቤን ያስቀየሩኝ የምንከባከባቸው አንዲት እናት ናቸው። አንድ ቀን ፀጉራቸውን ሳበጥር ይህን አወራኋቸው። «ሃርለም ሂጂ። ትንሽ ነው። ሁሉንም ለማየት ግን እንዳትሞክሪ» አሉኝ።

እሺ ብዬ ሄድኩ። የሄድኩት ሰኞ ቀን ነበር። በሩ ዝግ ነው። እዚህ አገር ብዙ ሙዚየሞች ሰኞ ይዘጋሉ፤ እናንተ ግን እንደኔ የባቡር ገንዘብ አታባክኑ። ከመሄዳችሁ በፊት ድረ ገጹን እዩ። ሌላም ምክንያት አለ። ሥዕሎች ይዋሳሉ። ለምሳሌ በ2023 እና በ2024 ሙዚየሙ በስሙ የተሰየመለት ሠዓሊ፣ የፍራንስ ሃልስ፣ ብዙ ሥራዎች ለአንድ ትልቅ ኤግዚቢሽን ለንደን፣ አምስተርዳምና በርሊን ሄደው ነበር። አንድ የተለየ ሥዕል ለማየት ከሆነ የምትሄዱት፣ ሥዕሉ ሙዚየሙ ውስጥ መኖሩን አጣሩ። ዓመቱን ሙሉ ብዙ ቦታ ለመግባት ካሰባችሁ ደግሞ ሙዚየምካርት የሚባለውን ካርድ ብታወጡ ያዋጣል። ከ400 በላይ ሙዚየሞች ውስጥ ያስገባል። እኔ ካርዱን ካወጣሁ ወዲህ ትልቁ ለውጥ ገንዘቡ አይደለም። ሃያ ደቂቃ አይቼ ብወጣ ምንም አይቆጨኝም።

መንገዱ ቀላል ነው። ከአምስተርዳም ማዕከላዊ ጣቢያ ሃርለም በባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ከጣቢያው ቀጥ ብላችሁ ወደ ደቡብ በእግር ትሄዳላችሁ። መሀል ላይ ግሮተ ማርክት የሚባል ሰፊ አደባባይ አለ፣ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን የቆመበት። እሱን አልፋችሁ ጠባብ መንገዶች ውስጥ ትገባላችሁ። ሙዚየሙ ግሮት ሃይሊግላንድ የሚባል መንገድ ላይ ነው። ጤነኛ እግር ያለው ሰው ሃያ ደቂቃ አይፈጅበትም። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት እኛ አርባ ደቂቃ ሄድን። በየመስኮቱ የተሰቀለውን ዳንቴል እያየች፣ «ይሄ የእጅ ነው፣ ይሄ የማሽን ነው» እያለች።

ዳንቴሉን አስታውሱት፣ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ቤቱ ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ የምታስተውሉት ዝቅ ያለ ጣሪያና መሀሉ ላይ ያለው ግቢ ነው። ቤተ መንግሥት አይመስልም። ቤተ መንግሥትም አልነበረም። በ1609 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) የተጠናቀቀው ለድሃ ሽማግሌዎች መጦሪያ ሆኖ ነው። ስድሳ ዓመት የሞላው፣ ጠዋሪ የሌለው የከተማው ሰው እዚህ ይገባ ነበር፤ አልጋውንና ብርድ ልብሱን ይዞ። ኋላ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ሆነ። ሙዚየም የሆነው በ1913 ነው። ሥዕሎቹ የከተማው ንብረት ናቸው። ከዚያ በፊት ከ1862 ጀምሮ ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ለሕዝብ ይታዩ ነበር።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ዞር ብላ አየችኝ። «አንቺ የምትሠሪበት ዓይነት ነዋ!» አለች። እኔ ስንት ጊዜ ተመላልሼ እንደዚያ ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር።

ቦርሳና ጃኬት ሎከር ውስጥ ይቀመጣል። ሳንቲም ወይም ካርድ፣ ያለውን ያዙ። ለእናቴ ነጠላዋን ግን አስቀሩላት።

ከዚያ እኔ ወደ ሃልስ ሥዕሎች ልወስዳት ስቸኩል፣ እሷ መንገድ ላይ ቀረች። አንድ ትልቅ ሰሌዳ ፊት ቆማለች። «ይሄ ሉቃስ አይደል?» አለችኝ።

ሄጄ ከጎኑ የተጻፈውን አነበብኩ። ሉቃስ ነው። ማርተን ቫን ሄምስከርክ የሚባል ሠዓሊ በ1532 የሳለው፣ «ቅዱስ ሉቃስ እመቤታችንን ሲስል»። እናቴ ደች አታውቅም፣ እንግሊዝኛም አታነብም። ግን ብሩሽ የያዘ ሰው ፊት ለፊቱ ልጇን የታቀፈች እናት ተቀምጣ ስታይ ሌላ ማን ይሆናል? ወንጌላዊው ሉቃስ የእመቤታችንን ሥዕል እንደሳለ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማ ነው የኖረችው። እኛ አገርም ሉቃስ የሳላት የምትባል ሥዕል የምትከበርበት ቦታ አለ። ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ ያለው ክርስቲያን ሁሉ የተጋራው ትውፊት ነው። እዚህ አገር የሠዓልያን ማኅበር የሚጠራውም በሉቃስ ስም ነበር።

ሄምስከርክ ይህን የሳለው ወደ ሮም ሊሄድ ሲል ለሙያ ጓደኞቹ መታሰቢያ አድርጎ ነው። ከሥር የተለጠፈ የምትመስል ወረቀት አለች፤ ወረቀት አይደለችም፣ እሷም ሥዕል ናት። እዚያ ላይ ነው ለጓደኞቹ መልእክቱን ያሰፈረው። ችቦ የያዘ መልአክ ከላይ ያበራል። እናቴ ችቦውን አሳየችኝ። አማተበች፣ ቀስ ብላ። ጎናችን የነበሩት ፈረንጆች ዝም ብለው ቦታ ለቀቁላት።

ወንበር ላይ ተቀመጠችና አሥር ደቂቃ አየችው። «የኛዎቹ ዓይናቸው ትልቅ ነው» አለች በመጨረሻ። ልክ ነች። የእኛ ሥዕል ላይ ዓይን ትልቅ ነው፤ ጻድቁ ሁለት ዓይኑ ይታያል፣ ክፉው በጎን ይሳልና አንድ ዓይን ብቻ ይቀርለታል። ይህን ማወቅ ዕውቀት ነው። ትምህርት ቤት ስላልተማርነው ዕውቀት አይደለም ብለን እንጂ፣ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሥዕል ማንበብ የለመደ ሰው ሙዚየም ውስጥ ባዶ እጁን አይደለም የሚገባው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የምታዩት ሁሉ በእሱ ነው የሚገባችሁ። ይህ የሉቃስ ሥዕል ለቤተ ክርስቲያን መሠዊያ የተሠራ ነበር፣ ለዚያው አደባባይ ላይ ላለው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን። በዚያው ክፍለ ዘመን ፕሮቴስታንቶች ከተማውን ሲይዙ ሥዕሎች ከአብያተ ክርስቲያናቱ ወጡ። ሠዓሊዎቹ ትልቁን ደንበኛቸውን አጡ። ታዲያ ማን ይግዛቸው? ነጋዴው፣ ቢራ ጠማቂው፣ የጨርቅ ባለሀብቱ፣ የከተማው ማኅበራት። ለዚህ ነው ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ስታልፉ ቅዱሳኑ እየቀነሱ፣ ተራ ሰዎች፣ ዳቦ፣ ዓሣ፣ ብርጭቆ፣ ሰማይና ሜዳ እየበዙ የሚሄዱት። ይህን ሳላውቅ በፊት «ዓሣ ምን ይሳላል?» እል ነበር።

አሁን ወደ ሃልስ።

ፍራንስ ሃልስ የተወለደው ዛሬ ቤልጂየም ውስጥ ባለችው አንትወርፕ ነው፣ በ1582 ወይም በ1583። አንትወርፕ በ1585 በስፔን ጦር እጅ ስትወድቅ ብዙ ሺህ ሰው ወደ ሰሜን ተሰደደ። ከእነዚያ አንዱ የሃልስ ቤተሰብ ነው። አባቱ የጨርቅ ሙያተኛ ነበር። ሃርለም ደግሞ የጨርቅ ከተማ ነበረች፤ ተልባ ጨርቅ የሚነጣባት። ልጁ እዚህ አደገ፣ እዚህ ሠራ፣ እዚህ በ1666 ሞተ። ዛሬ ከተማው በስሙ ሙዚየም ሰይሞለታል። በልጅነቱ የመጣ ስደተኛ ነው እንግዲህ። ይህን ሳነብ ልቤ እንዴት እንደሞቀ መደበቅ አልችልም።

ትልቁ ክፍል ውስጥ የከተማ ዘቦች መኮንኖች የቡድን ሥዕሎች አሉ። ሃልስ ከ1616 እስከ 1639 አምስት ለከተማው ሳለ፣ አምስቱም የዚህ ቤት ናቸው። ግዙፍ ናቸው። መኮንኖቹ የአገልግሎት ዘመናቸው ሲያልቅ ትልቅ ግብዣ ይደረጋል። ግብዣው ቀናት ስለሚቆይ ከተማው ገደብ እስከማውጣት ደርሷል። አቀማመጣቸውን እዩ። ኮሎኔሉ የት፣ ሻምበሉ የት፣ ሁሉም በማዕረጉ ነው። የእኛ ሰው ይህን ለመረዳት አስጎብኚ አያስፈልገውም፤ የድሮ ግብር አዳራሽ ውስጥ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ የሰማ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ባንዲራ የያዙት ወጣቶች ቆመዋል፤ እነሱ ያላገቡ ናቸው፣ ሲያገቡ ባንዲራውን ይለቃሉ። በ1627 ከሳላቸው በአንዱ ላይ አንድ ሻምበል ባዶ ብርጭቆውን ገልብጦ ይዟል። በ1639ኙ ላይ ደግሞ ከኋላ በስተግራ ራሱ ሃልስ አለ። እሱም የዘቡ አባል ነበር።

እናቴ እነዚህን በፍጥነት አለፈቻቸው። «ጠጥተዋል» ብላ። እኔም ወደ አንድ ብቻ ላተኩር። ሥዕሉን መጀመሪያ ከሩቅ እዩት። አንገታቸው ላይ ያለው ዳንቴል እያንዳንዱ ቀዳዳ የተቆጠረ ይመስላል። ከዚያ ቀስ እያላችሁ ቅረቡ። ሁለት እርምጃ ሲቀር ዳንቴሉ ይጠፋል። የቀረው ወዲህና ወዲያ የተወረወረ ነጭ ቀለም ነው። ግራጫ፣ ነጭ፣ እንደገና ግራጫ። እንደገና ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ዳንቴሉ ይመጣል። እናቴን ሦስት ጊዜ አመላለስኳት። ዕድሜዋን ሙሉ በኪሮሽ ዳንቴል ስትሠራ የኖረች ሴት ናት። «አልሠራውም እኮ! አስመሰለው እንጂ» አለች። ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ «ይሄ ከመሥራት ይከብዳል» አለች።

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የትም አላነበብኩም።

እዚህ ጋ አንድ ጥንቃቄ። እናቴ ቀለሙን ልታሳየኝ ጣቷን ስትዘረጋ ጥበቃው ቀስ ብሎ መጣ። በጨዋነት ራቅ እንድንል ነገረን። አልተቆጣም፣ እኛም አልተሸማቀቅንም። ግን ቀድማችሁ እወቁት፤ በጣት ስታሳዩ አንድ ክንድ ያህል ራቁ። ፎቶ ካነሣችሁ ፍላሽ አጥፉ።

የጥቁሩ ጥያቄ የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ሃልስ እያረጀ ሲሄድ ቀለሞቹ ይቀንሳሉ። ብርቱካንማውና ሰማያዊው መቀነት ይጠፋል። ጥቁርና ነጭ ይቀራል። በዚያ ዘመን እዚህ አገር ጥቁር የሐዘን ብቻ አልነበረም። ደህና፣ ጥልቅ፣ የማይደበዝዝ ጥቁር ለማግኘት ጨርቁ ደጋግሞ ቀለም ውስጥ መነከር አለበት፤ ውድ ነው። ስለዚህ ጨዋም ሀብታምም ለመምሰል የሚፈልግ ሰው ጥቁር ይለብሳል። ሠዓሊው ቫን ጎህ በ1885 ሃልስን አንሥቶ ለወንድሙ ሲጽፍ 27 ዓይነት ጥቁር አለው ብሎ ነበር።

እኛም ለመቁጠር ሞከርን። እውነቴን ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጠን፣ እናቴ በጣቷ እያጠፈች። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር። ወደ ቡናማ የሚያደላ። እንደ ከፋይ ብርሃን የሚውጥ። እንደ ሳቲን የሚያብለጨልጭ። እጥፋት ውስጥ የገባ። ዘጠኝ ላይ አቆምን። ከዚያ የራሷን ቀሚስ ጫፍ ያዝ አድርጋ አየችው። «የኔ ታጥቦ ታጥቦ ነጣ» አለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስለ ልብሱ ስታወራ የመጀመሪያዋ ነበር። ዝም አልኩ። አንዳንዴ ሰው ስለ አንድ ነገር ለማውራት ሌላ የሚያየው ነገር ያስፈልገዋል።

እና የምወደው ሥዕል።

በ1664 ሃልስ ሰማንያ ዓመት አልፎታል። ድህነት ላይ ነው። ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ዕዳውን ያልከፈለውን ሠዓሊ ዕቃና ሥዕል እስከመያዝ ደርሷል። በ1664 ከተማው በዓመት 200 ጊልደር ጡረታ ቆረጠለት። ለክረምቱ ሦስት ጋሪ ማገዶም ሰጡት፣ ከረግረግ ተቆፍሮ የሚደርቀውን ዓይነት። በዚያው ዓመት ግድም የሽማግሌዎቹ መጦሪያ አስተዳዳሪዎች ሥዕላቸውን እንዲሥልላቸው አዘዙት። አንዱ የወንዶቹ፣ ሌላው የሴቶቹ። የዚህኑ መጦሪያ ማለቴ ነው። እኛ አሁን የቆምንበትን ቤት። ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አልፎም ሴቶቹ የሚያስተዳድሩት ቤት ውስጥ ናቸው።

የወንዶቹ ላይ አንዱ ባርኔጣው ዘንበል ብሎ፣ ፊቱ ላላ ብሏል። ሰክሯል የሚሉ አሉ፣ ሕመም ነው የሚሉም አሉ። እኔ በየቀኑ የምነካቸው ፊቶች አሉ፤ ስትሮክ ያገኛቸው፣ በአንድ ወገን የወረዱ። ስለዚህ ሰክሯል ለማለት አልቸኩልም።

የሴቶቹ ፊት ግን ቁጭ አልኩ። ከጠረጴዛው ዙሪያ አሮጊቶች፣ ከኋላ መልእክት ይዛ የገባች የቤቱ ሠራተኛ። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ነጭ አንገትጌ፣ ነጭ ቆብ። የግድግዳው ቀለም እንኳ ጨለማ ነው። ታዲያ ዓይናችሁ የት ይሄዳል? ፊትና እጅ ላይ። ሌላ መሄጃ የለውም።

እጆቹን እዩ። በስተግራ ያለችው እጇን ዘርግታለች። በስተቀኝ የተቀመጠችው እጇን ጭኗ ላይ ጣል አድርጋዋለች። ቆዳው ሳስቷል። አጥንቱ ከሥር ይታያል። እኔ ይህን እጅ አውቀዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ሹራብ ሳለብስ በእጅጌው በኩል የምጎትተው እጅ ነው። ጠበቅ ካደረጋችሁት ይበልዛል፤ ስለዚህ ከሥር በመዳፋችሁ ነው የምትይዙት። ቀዝቃዛ ነው፣ ግን ስትይዙት መልሶ ይይዛችኋል። ሃልስ ይህን በጥቂት የብሩሽ ጭረት ነው የሠራው። ሲቀርቡት ሮዝ፣ ቢጫ፣ ግራጫ። ጥፍር የለውም፣ መስመር የለውም። ሲርቁት ሰው ነው።

የሠዓሊውም እጅ ሰማንያ ዓመት ያለፈው እጅ ነበር። ምናልባት ይንቀጠቀጥ ነበር ብዬ አስባለሁ። አሮጌ እጅ አሮጌ እጅን ሲስል።

ሃልስ ራሱ በዚህ መጦሪያ ይኖር ነበር፣ ሲሥላቸውም ስላልወደዳቸው ነው ክፉ ያስመሰላቸው የሚል ወሬ ትሰሙ ይሆናል። እዚያ አልኖረም። ክፉም አይመስሉኝም። የደከማቸው ነው የሚመስሉኝ። የሰው ቤት ማስተዳደር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ስንት ብርድ ልብስ አለ፣ ማን ታመመ፣ ማገዶው እስከ መቼ ያደርሳል። እናቴ ሴቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። በመጨረሻ ከኋላ የቆመችውን ሠራተኛ አሳየችኝ፣ አሁን ከሩቅ። «ሥራው የሷ ነው» አለች። «አንቺ ይቺ ነሽ።»

ግማሽ ሰዓት ተቀመጥን። ሰው መጥቶ ፎቶ አንሥቶ ይሄዳል፣ እኛ እዚያው። ከዚህ ቦታ አንድ ምክር ብቻ ውሰዱ ብትሉኝ ይህ ነው፦ አንድ ሥዕል ምረጡና ወንበር ካለ ተቀመጡ። በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ምንም አይታያችሁም። «በቃ ነው?» ትላላችሁ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ነው የሚጀምረው። ምን እንደምትፈልጉ ካላወቃችሁ ከእጅ ጀምሩ። ፊት ይዋሻል፤ ሰው ሊሣል ሲቀመጥ ፊቱን ያዘጋጃል። እጁን ግን ይረሳዋል።

ጊዜ ከተረፋችሁ የዩዲት ሌይስተርን ስም ፈልጉ። በ1609 ሃርለም የተወለደች ሴት ናት፣ በ1633 የሠዓልያን ማኅበሩ አባል የሆነች። ሃልስ ተማሪዋን ስለወሰደባት በ1635 ማኅበሩ ዘንድ ከሳዋለች። ከሞተች በኋላ ስሟ ጠፍቶ ሥዕሎቿ የሃልስ ናቸው ተብለው ኖሩ። በ1893 አንድ የጥበብ ታሪክ አዋቂ የሃልስ በተባለ ሥዕል ላይ የስሟን ፊደላትና ኮከብ አገኘ። ስሟ መሪ ኮከብ ማለት ነውና በኮከብ ነበር የምትፈርመው። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ፊርማዋ እዚያው ነበር። ማንም አላየውም።

ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ደግሞ የሳራ ሮቴን የአሻንጉሊት ቤት አሳዩአቸው። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ሙሉ የሀብታም ቤት በጥቃቅን ዕቃ። የእህቴ ልጅ ከዚያ አልላቀቅ ብላኝ ነበር በሌላ ጊዜ።

ሲደክማችሁ ግቢው ውስጥ ውጡ። የተከረከመ ቁጥቋጦ አለ፣ ጸጥ ያለ ነው። ሽማግሌዎቹ ፀሐይ ይሞቁበት የነበረ ቦታ ነው ብላችሁ ስታስቡ ሌላ ስሜት አለው። እናቴ ጫማዋን አውልቃ ትንሽ አረፈች።

ስንመለስ አደባባዩ ላይ ወዳለው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ገባን፣ ሲንት ባቮ ይባላል። መግቢያ ይከፈላል። ሃልስ የተቀበረው እዚያ ነው። ወለሉ በሙሉ የመቃብር ድንጋይ ነው፣ በላዩ ላይ ነው የምትራመዱት። ይህ እናቴን አስጨነቃት፤ ጥግ ጥጉን ይዛ ሄደች። ትልቅ ኦርጋን አለ፣ በ1738 የተሠራ። ሞዛርት በ1766 በአሥር ዓመቱ ተጫውቶበታል። ግድግዳዎቹ ነጭና ባዶ ናቸው። «የሉቃሱ ሥዕል እዚህ ነበር» አልኳት። ባዶውን ግድግዳ ለረጅም ጊዜ አየችው። የሃልስን ድንጋይ ስናገኝ ጎንበስ ብላ «ነፍስ ይማር» አለች፤ አባቴንም አብራ ጠራችው።

እናቴ ከተመለሰች ስምንት ወር ሆነ። ሐዘኗን አውጥታለች፣ አሁን ነጭ ትለብሳለች። እሑድ እሑድ ስንደዋወል ስለ ሥራዬ ትጠይቀኛለች፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ጉልበቷ ትነግረኛለች። ባለፈው ሳምንት ልትዘጋው ስትል አንድ ነገር ትዝ አላት።

«እነዚያ ሴቶች ደህና ናቸው?»

«ሐሙስ ዕረፍት ነኝ፤ ሄጄ አያቸዋለሁ» አልኳት።